የ1776–1976 ሩብ ዶላር፦ በእጅዎ ያለውን የመታሰቢያ ሳንቲም እንዴት ይመረምራሉ?

በአሜሪካ የሚኖር ሰው፣ ከነዳጅ ማደያም ሆነ ከልብስ ማጠቢያ ቤት የሳንቲም መልስ ሲቀበል፣ አንድ ቀን ከበሮ የሚመታ ሰው የተቀረጸበት ሩብ ዶላር እጁ መግባቱ አይቀርም። በዚህ ሳንቲም ላይ እንደ ሌሎቹ አንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን «1776–1976» የሚል ጥንድ ዓመት ተጽፎበታል። በማኅበራዊ መገናኛዎች የሚዘዋወሩ ቪዲዮዎች ይህ ሳንቲም በሺህ፣ አንዳንዴም በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር እንደሚያወጣ ስለሚያውጁ፣ ሳንቲሙን በመሳቢያው ያገኘ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ አንስቶ ለሚያውቀው ሰው ይልካል። ለእኔም ከአዲስ አበባም ከሜሪላንድም ይላካል። መልሴ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አንድ ነው፤ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ በእኛ አነጋገር አንድ ስሙኒ።

ይሁን እንጂ «ሁልጊዜ» እና «ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ» አንድ አይደሉም። ከእነዚህ ሳንቲሞች መካከል ብር ያለባቸው አሉ፤ ሲመቱ በእርግጥ የተሳሳቱ አሉ፤ በንጽሕናቸው ምክንያት ሰብሳቢ የሚፈልጋቸውም አሉ። ልዩነቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ነገሮቹን በቅደም ተከተል ማየት ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ዋጋውን አስቀድሞ ሳንቲሙን በኋላ ስለሚመረምር ነው። በዚህ ጽሑፍ «ብር» ስል ማዕድኑን እንጂ የኢትዮጵያን ገንዘብ ማለቴ እንዳልሆነ፣ ዓመቶቹም አለዚያ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውሳለሁ።

ሳንቲሙ ከየት መጣ?

አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችው ጁላይ 4 ቀን 1776 ነው። ሁለት መቶኛው ዓመት የተከበረው በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ቀን 1968 ዓ.ም. ነበር። ለዚሁ በዓል ሩብ ዶላሩ፣ ግማሽ ዶላሩና አንድ ዶላሩ ጀርባቸው እንዲለወጥ የሚያዝዘውን ሕግ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በኦክቶበር 18 ቀን 1973 ፈረሙ። ለአሜሪካ ዜጎች ሁሉ ክፍት የሆነ የሥዕል ውድድር ተካሂዶ ሦስት አሸናፊዎች ተመረጡ፤ ለእያንዳንዳቸውም 5,000 ዶላር ተሸለሙ። ከበሮ መቺውን የሣለው ጃክ አር ነው። በግማሽ ዶላሩ ላይ በፊላደልፊያ ያለውን የነጻነት አዳራሽ የሣለው ሴት ሀንቲንግተን ሲሆን፣ በአንድ ዶላሩ ላይ የነጻነትን ደወል ከጨረቃ ጋር ያቀናጀው ዴኒስ ዊልያምስ ደግሞ በዚያን ጊዜ ገና የሥነ ጥበብ ተማሪ ነበር። ከዓመቱ በቀር የፊት ገጻቸው አልተነካም፤ ሩቡ ዋሽንግተንን፣ ግማሹ ኬኔዲን፣ አንዱ ዶላር አይዘንሃወርን እንደያዘ ቀጠለ። በእኛ አገር ሳንቲም ሲወረወር «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ይባላል፤ እዚህ ግን በዘውዱ በኩል ያለው ሰው ዘውድ ደፍቶ አያውቅም።

አንድ ነገር በተለይ ልብ ይበሉ። የመታሰቢያዎቹ ሳንቲሞች መመታት የጀመሩት በ1975 ሲሆን፣ በ1975 የተመቱትም በ1976 የተመቱትም የያዙት ያንኑ ጥንድ ዓመት ነው። ሳንቲም እንዳያጥር ሲባል «1974» የሚል ዓመት ያለበት ሩብ ዶላርም ጎን ለጎን በ1975 መመታቱን ቀጥሎ ነበር። ስለዚህ «1975» የሚል ዓመት የተጻፈበት የአሜሪካ ሩብ ዶላር የለም። እንዲህ ያለ ሳንቲም አለኝ የሚልዎት ሰው ካጋጠመዎት ዓመቱ በሰው እጅ ተለውጧል ማለት ነው።

ብዛቱን ደግሞ እንመልከት። ለገበያ ዝውውር በፊላደልፊያ 809,784,016፣ በዴንቨር 860,118,839 ሩብ ዶላሮች ተመትተዋል። ድምሩ ከ1.66 ቢሊዮን ይበልጣል፤ ለዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሕዝብ ቢካፈል በነፍስ ወከፍ ከሰባት በላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ ሕዝቡ ለማስታወሻ ብሎ ብዙውን ሳይነካ አስቀምጦታል። አንድ ነገር ብርቅ እንዳይሆን ከዚህ የበለጠ ማድረግ አይቻልም፤ ሁሉም ሰው «ይህ ወደፊት ብርቅ ይሆናል» ብሎ ያስቀመጠው ነገር ብርቅ ሆኖ አያውቅምና።

በመጀመሪያ ፊደሉን ይፈልጉ

ሳንቲሙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠርዙን ብቻ ይዘው፣ ከታች ለስላሳ ጨርቅ አንጥፈው፣ በመስኮት ብርሃን ወይም በአንድ ጠንካራ አምፖል ሥር ይመልከቱት። የዋሽንግተን ፊት ወደ ግራ ዞሯል። ከኋላ ጸጉሩ በሪባን ከታሰረበት ቦታ በስተቀኝ ትንሽ የላቲን ፊደል ይኖራል ወይም አይኖርም። ይህ ፊደል ሳንቲሙ የተመታበትን ከተማ ይናገራል። በግማሽ ዶላሩ ላይ ፊደሉ ከኬኔዲ አንገት በታች፣ በአንድ ዶላሩ ላይ ደግሞ በአይዘንሃወር አንገትና በዓመቱ መካከል ይገኛል።

ፊደል ከሌለ ሳንቲሙ የፊላደልፊያ ነው። ይህን አስምሬ የምናገረው «ፊደል የሌለው 1776–1976» የሚል አርእስት ያላቸው ማስታወቂያዎች ብዛት ስለሚያስገርመኝ ነው። የፊላደልፊያ መምቻ ቤት በዚያን ዘመን በሩብ ዶላር ላይ ምልክት አያደርግም ነበር፤ ስለዚህ ከስምንት መቶ ሚሊዮን የሚበልጡት ሁሉ ፊደል የላቸውም። (በነገራችን ላይ 1936 ዓ.ም. የሚል የተጻፈባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም ብዙዎቹ የተመቱት በዚሁ በፊላደልፊያ ነው፤ አያትዎ ሣጥን ውስጥ የሚገኘው ሃምሳ ሳንቲምና ይህ ሩብ ዶላር የአንድ ቤት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ያ ሃምሳ ሳንቲም ግን ብር አለው።)

«ዲ» የሚለው ፊደል፣ ማለትም ሆዱ ወደ ቀኝ ያበጠው፣ የዴንቨር ነው። አንዳንዴ የፊደሉ ውስጥ ተደፍኖ እንደ ነጠብጣብ ይታያል። ይህም የሆነው የመምቻው ማኅተም፣ ማለትም ምስሉን በሳንቲሙ ላይ የሚያትመው ብረት፣ በቅባትና በአቧራ ስለተሞላ ነው፤ በጣም የተለመደ ስለሆነ ዋጋ አይጨምርም።

«ኤስ» የሚለው ፊደል፣ ማለትም እንደ እባብ የሚጠማዘዘው፣ የሳን ፍራንሲስኮ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የሳን ፍራንሲስኮ ሩብ ዶላሮች ለገበያ አልወጡም፤ ለሰብሳቢዎች በማሸጊያ ተሸጡ። እርስዎ እጅ የገባ ከሆነ አንድ ሰው ማሸጊያውን ከፍቶ አውጥቶታል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የአባቱን ስብስብ የወረሰ ልጅ ወይም የሰረቀ ሌባ እንዲህ ያደርጋል። የሳን ፍራንሲስኮው ሳንቲም ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ተራው ሳንቲም ከመዳብና ከኒኬል ተሠርቶ እንደ መስታወት በሚያበራ ልዩ ጥራት የተመታ ነው። ሁለተኛው በዚሁ ልዩ ጥራት የተመታ፣ ነገር ግን 40 በመቶ ብር ያለበት ነው። ሦስተኛው ብር ኖሮበት በተራ መንገድ የተመታ፣ መስታወትነት የሌለው ነው። ሕጉ ከሦስቱም ዓይነት ሳንቲሞች፣ ከሩብ፣ ከግማሽና ከአንድ ዶላር፣ ለእያንዳንዳቸው 15 ሚሊዮን፣ በድምሩ 45 ሚሊዮን ባለ ብር ሳንቲሞች እንዲመቱ አዝዞ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሁሉም ስላልተሸጡ የተረፉት ቀልጠዋል።

ሳንቲሙ «ኤስ» ካለበትና ካልተበላሸ፣ ገጹ ግን እንደ መስታወት የማያበራ ከሆነ፣ ባለ ብሩ ሦስተኛው ዓይነት ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። በኪስ ውስጥ የቆየ ከሆነ ግን መስታወትነቱ ስለሚጠፋ በዓይን ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ወደሚቀጥለው ምርመራ መሄድ ያስፈልጋል።

ጠርዙ ከሚዛኑ የበለጠ ይናገራል

ብዙ መመሪያዎች ወዲያውኑ «ይመዝኑት» ይላሉ። በሩብ ዶላር ላይ ግን ይህ ምክር በከፊል ብቻ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ላስረዳ። ተራው ሩብ ዶላር 5.67 ግራም ይመዝናል፤ ባለ ብሩ የመታሰቢያ ሩብ ዶላር 5.75 ግራም ይመዝናል። ልዩነቱ 0.08 ግራም ነው። ነገር ግን ለተራው ሩብ ዶላር የሚፈቀደው የክብደት መዋዠቅ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.227 ግራም ነው። ይህም ማለት ምንም ብር የሌለበት፣ ፍጹም ተራ የሆነ ሳንቲም 5.75 ወይም 5.80 ግራም ሊመዝን ይችላል። ሚዛኑ ላይ 5.76 አይቶ በደስታ የዘለለ ሰው ብዙ ጊዜ የዘለለው በከንቱ ነው።

ስለዚህ ጠርዙን ይመልከቱ። ተራው ሳንቲም እንደ ሳንድዊች ነው፤ መሐሉ ንጹሕ መዳብ፣ ግራና ቀኙ ደግሞ 75 በመቶ መዳብና 25 በመቶ ኒኬል የሆነ ነጭ ሽፋን ነው። በዚህ ምክንያት ጠርዙን ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ቀይ ቡናማ መስመር ዙሪያውን ከብቦት ይታያል። ባለ ብሩም ሳንድዊች ነው፤ ሽፋኖቹ 80 በመቶ ብር፣ መሐሉ ግን 21 በመቶ ገደማ ብርና የቀረው መዳብ ነው፤ ተደምሮ 40 በመቶ ይሆናል። በመሐሉም ብር ስላለ ጠርዙ ደማቅ ቀይ መስመር አያሳይም፤ ግራጫ፣ አንዳንዴም በጣም የፈዘዘ ቡናማ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። እርግጠኛ ለመሆን ከኪስዎ ሌላ ተራ ሩብ ዶላር አውጥተው ጎን ለጎን ያቁሟቸው፤ ዓይን ብቻውን ያለውን ነገር ይስታል፣ ሁለት ነገር ሲያወዳድር ግን እምብዛም አይሳሳትም። አያቶቻችን ማርትሬዛ ብር ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ፍሬዎች ይቆጥሩ እንደነበረው፣ እዚህም ወሳኙ ምልክት ያለው ሌላው ሰው በማያየው ትንሽ ቦታ ላይ ነው።

ሚዛኑ ፋይዳ የለውም ማለት ግን አይደለም። እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ የኪስ ሚዛን በርካሽ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ ወርቅ ቤት ገብቶ ቢጠይቅ ይመዝኑለታል። ሚዛኑ የሚጠቅመው ትልልቅ ልዩነቶችን ለመለየት ነው። ለአስር ሳንቲም በተዘጋጀ ብረት ላይ በስሕተት የተመታ ሩብ ዶላር 2.27 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ለአምስት ሳንቲም በተዘጋጀው ላይ የተመታ 5 ግራም ይመዝናል። እንዲህ ያለው ስሕተት በእርግጥ ዋጋ አለው። በተቃራኒው 5.2 ግራም የሚመዝን፣ ቀጭን፣ ፊደላቱ የደበዘዙ ሳንቲም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አሲድ ውስጥ የነከረው ነው።

በአንድ ዶላሩ ላይ ሁኔታው ይለወጣል። ተራው 22.68 ግራም፣ ባለ ብሩ 24.59 ግራም ስለሆነ፣ እዚያ ሚዛን ብቻውን ይፈርዳል። የግማሽ ዶላሩ ልዩነት፣ ማለትም 11.34 እና 11.50፣ እንደ ሩቡ አሳሳች ነው፤ ጠርዙን ይመኑ።

ስለ አንድ ዶላሩ ሌላም የሚታወቅ ነገር አለ። የጀርባው ፊደላት በሁለት ዓይነት ተቀርጸዋል። በመጀመሪያው ዓይነት ፊደላቱ ወፍራምና ድፍን ናቸው፤ በሁለተኛው ቀጠን ብለው ጥርት ያሉ ናቸው። በፊላደልፊያ የመጀመሪያው ዓይነት 4,019,000 ብቻ ሲመታ ሁለተኛው 113,318,000 ተመትቷል። ስለዚህ ፊደል የሌለበት፣ ወፍራም ጽሑፍ ያለው፣ እምብዛም ያልተነካ አንድ ዶላር ካገኙ ለብቻው ያስቀምጡት። ከተራዎቹ የመታሰቢያ ሳንቲሞች ሁሉ እኔ ዓይኔን የምጥለው በዚህ ላይ ነው፤ የቪዲዮ ሠሪዎች ግን ስለ እሱ ብዙ አያወሩም፣ ሩብ ዶላር ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ስላለ ተመልካች የሚያመጣላቸው እሱ ነው።

ስሕተት የሆነውና ያልሆነው

በሳንቲም ዓለም «ስሕተት» ማለት በመምቻ ቤቱ ውስጥ የተፈጠረ ጉድለት ነው። ከወጣ በኋላ የደረሰበት ነገር ሁሉ ጉዳት ይባላል፤ ጉዳት ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ይህን አንድ መስመር የያዘ ሰው ከግማሽ በላይ የሆነውን ውዥንብር አስወግዷል።

ጠርዙ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ የገባ ሳንቲም በልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ለወራት ሲንከባለል የቆየ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ገጹ ለጥ ብሎ ሌላው ሳንቲም በግልባጩ የታተመበት የሚመስል፣ በጉጠት ወይም በመዶሻ ሁለት ሳንቲሞች ተደራርበው የተጨፈለቁበት ነው። ወርቅ የሚመስለው ደግሞ ማስታወሻ ሻጮች የቀቡት ነው፤ የመታሰቢያው ሩብ ዶላር በወርቅ ተመትቶ አያውቅም፣ ቅቡም ሰብሳቢውን ስለሚያርቅ ሳንቲሙን ከሃያ አምስት ሳንቲም በላይ አያስኬደውም።

«ጀርባው ተገልብጧል» የሚል ጥያቄም በተደጋጋሚ ይመጣል። የአሜሪካ ሳንቲም ፊቱና ጀርባው በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲቆሙ ተደርጎ ነው የሚሠራው። እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን ከገለጡት ከበሮ መቺው ተዘቅዝቆ ይታያል፤ ይህ ትክክለኛው ነው። ከላይ ወደ ታች ሲያዞሩት ግን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። እንዲህ አዙረውት ከበሮ መቺው በጎኑ ከተኛ ወይም ተዘቅዝቆ ከታየ፣ ማኅተሙ ዞሮ ነበር ማለት ነው፤ ይህ እውነተኛ ስሕተት ሲሆን የዞረው መጠን በጨመረ ቁጥር ተፈላጊነቱም ይጨምራል።

ከእውነተኞቹ መካከል በሰብሳቢዎች ዘንድ በስም የሚታወቀው የዴንቨሩ ድርብ ማኅተም ነው። እንዲህ ያለው ነገር የሚፈጠረው ሳንቲሙ ሁለት ጊዜ ስለተመታ ሳይሆን፣ ማኅተሙ ራሱ ሲቀረጽ ምስሉ በጥቂቱ ተዛብቶ ሁለት ጊዜ ስላረፈበት ነው፤ በዚህም ምክንያት ከዚያ ማኅተም የወጡት ሳንቲሞች ሁሉ ያንኑ ድርብ ምስል ይይዛሉ። «ዲ» ያለበት የ1776–1976 ሩብ ዶላር ካለዎት፣ አሥር ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ከዋሽንግተን ራስ በላይ የተጻፈውን «ሊበርቲ» የሚለውን ቃል ይመልከቱ። ፊደላቱ በእርግጥ ሁለት ሆነው፣ ሁለቱም ክብ ውፍረት ኖሯቸው፣ ጫፎቻቸው እንደ ሹካ ተሰንጥቀው ከታዩ፣ ያንን ሳንቲም ለባለሙያ ማሳየት ተገቢ ነው።

የሚያሳዝነው ግን ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ ዋጋ የሌለው ሌላ ድርብነት መኖሩ ነው። ማኅተሙ ሳንቲሙን መትቶ ሲነሣ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ፣ በፊደሉ ጎን ላይ ጠፍጣፋ ደረጃ የመሰለ ነገር ይተዋል። መለያው ቀላል ነው። እውነተኛው ድርብ ማኅተም ፊደሉን ያሰፋዋል፤ ይህኛው ግን ከፊደሉ ላይ ቆርሶ ያቀጥነዋል፣ የተቆረሰውም ጠፍጣፋ ሆኖ በብርሃን ያብለጨልጫል። በእኔ ግምት «ድርብ» ተብለው በፎቶግራፍ ከሚላኩልኝ ሁሉ እስካሁን ያየሁት ይህንኑ የመጨረሻውን ነው።

አይጠቡት፣ አያብሱት

የብር ጌጥ ሲያረጅ በሎሚና በአመድ አሽቶ ማንጣት በብዙ ቤት የታወቀ ልማድ ነው። በሳንቲም ላይ ግን ከዚህ የከፋ ነገር የለም። የሰብሳቢ ዋጋ የሚለካው የመጀመሪያው ገጽ ሳይነካ በመቆየቱ ነው፤ የጥርስ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ኮካ ኮላ፣ የብረት ማጽጃ ሁሉ በዓይን የማይታዩ ጭረቶችን ትተው ያንን ገጽ ያጠፋሉ። ጠቆር ያለ ሳንቲም ከነጥቁረቱ ይሸጣል፤ የተፈተገ ግን በማጉያ መነጽር ወዲያው ይታወቃል። የግድ ጭቃ ካለበት ንጹሕ የተጣራ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ሳያሹ፣ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ይጠብቁ። ማጣበቂያ ካለበት ንጹሕ አሴቶን ያስለቅቀዋል፤ ይህን ሲያደርጉ መስኮት ይክፈቱ፣ እሳትም አያቅርቡ።

ማስቀመጫን በተመለከተ ለ24.3 ሚሊ ሜትር የተዘጋጀ የጠንካራ ፕላስቲክ መያዣ ወይም የካርቶን ክፈፍ ይበቃል። ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት ስለሚያወጣ ያስወግዱ። በስኮች ቴፕ ወረቀት ላይ መለጠፍም ያው ጥፋት ነው።

ዋጋ መጠየቅ

የብሩን ዋጋ ራስዎ ማስላት ይችላሉ። ባለ ብሩ ሩብ ዶላር 2.30 ግራም፣ ግማሹ 4.60 ግራም፣ አንድ ዶላሩ 9.84 ግራም ንጹሕ ብር አላቸው። በዓለም ገበያ ብር የሚሸጠው 31.1 ግራም በሚመዝን አውንስ ስለሆነ፣ የዕለቱን ዋጋ ለ31.1 አካፍለው በግራሙ ያባዙ። ለምሳሌ አውንሱ 30 ዶላር ቢሆን የሩቡ ብር 2.20 ዶላር ገደማ ይሆናል። ከስሙኒ ይሻላል፤ ቤት ግን አያሠራም።

ሁኔታውን የሚገልጸው ደረጃ ከ1 እስከ 70 ይቆጠራል። ከ60 በታች ገበያ የዞረ፣ ከ60 ጀምሮ እጅ በእጅ ያልዞረ ማለት ነው። ከባንክ ጥቅል ሳይወጣ የቆየ የመታሰቢያ ሩብ ዶላር ብዙ ጊዜ በ60ዎቹ መካከል ይገኛል፣ እንደዚህ ያለውም በጥቂት ዶላር ወይም ከዚያ ባነሰ ይገዛል። ትልልቅ የጨረታ ዋጋዎች የሚሰሙት ወደ 68 ለሚጠጉት ነው፤ እነሱን ከተራው ለመለየት በዓይን ልምድ ያስፈልጋል። ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የተባሉት ሁለት የታወቁ ድርጅቶች ሳንቲሙን መርምረው፣ ደረጃውን ጽፈው በማሸጊያ ይመልሳሉ፤ ክፍያው ከፖስታው ጋር ሲደመር ግን በአሥሮች የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ፣ ሳንቲሙ ያንን ወጪ እንደሚመልስ በቂ ምክንያት ሳይኖርዎት አይላኩ። ከዚያ በፊት በነጻ ሊያደርጉት የሚችሉት በአቅራቢያዎ ያለ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ክበብ ስብሰባ ላይ መገኘት ነው፤ አዛውንቶቹ አባላት ለማየት ገንዘብ አይጠይቁም፣ ማየትም ይወዳሉ።

በኢንተርኔት ዋጋ ሲፈልጉ ሻጩ የጠየቀውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ይመልከቱ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። ማንም ሰው ለአንድ ሩብ ዶላር አሥር ሺህ ዶላር ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ማጣሪያውን ሲጫኑ ግን ያው ዓይነት ሳንቲም በአንድና በሁለት ዶላር ሲለዋወጥ ያያሉ። «ሳንቲሙን እገዛለሁ፣ አስቀድመህ ግን የምርመራ ክፍያ ላክ» የሚልዎት ሰው ገዢ አይደለም።

አገር ቤት ላለ ሰው አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ባንኮች በአብዛኛው የውጭ አገር ወረቀት ገንዘብ እንጂ ሳንቲም አይመነዝሩም። ስለዚህ ፊደል የሌለው ወይም «ዲ» ያለበት፣ ቀይ መስመሩ በጠርዙ የሚታይ ሩብ ዶላር አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ አምስት ሳንቲም እንኳን አያወጣም፤ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ዘመድ መስጠት ወይም ለልጆች ማስቀመጥ ነው ያለው አማራጭ። «ለባለሀብት አሳይልሃለሁ» ብሎ ኮሚሽን የሚጠይቅ ደላላ ከመጣም መልሱ ከዚህ አይለይም።

መፈለግ ለሚወድ

ይህ ሁሉ ካላሰለቸዎት ከባንክ ጥቅል መግዛት ይችላሉ። የሩብ ዶላር ጥቅል 40 ሳንቲሞች ይዞ 10 ዶላር ነው፤ የግማሽ ዶላሩ 20 ይዞ ያው 10 ዶላር ነው። የሚያወጡት ገንዘብ ሳንቲሙ ራሱ ስለሆነ ከጊዜዎ በቀር የሚከስሩት የለም። መጠቅለያውን አውልቀው፣ ሳንቲሞቹን እንደተደረደሩ ጠርዞቹን ወደ ብርሃን ያዙ፤ ከቀይ መስመሮቹ መካከል ነጭ የሆነ ካለ እሱን ያውጡ። ግማሽ ዶላሩን የምመርጠው ሰው ስለማይጠቀምበት አሮጌዎቹ ጥቅል ውስጥ ስለሚቆዩ ነው፤ ከ1965 እስከ 1970 የተመቱት ግማሽ ዶላሮችም 40 በመቶ ብር አላቸውና የመታሰቢያውን ሲፈልጉ እነሱን ሊያገኙ ይችላሉ። የተረፈውን ለሌላ ባንክ ይመልሱ፤ ለዚያው ለገዙበት ከመለሱ ግን በሚቀጥለው ሳምንት የሚሸጡልዎት ራስዎ የፈተሹትን ጥቅል ነው።